የመጨረሻው ዓምድ

የትናየት የሰፊውን ስክሪን አቧራ በደረቅ ጨርቅ ከግራ ወደ ቀኝ ትጠርጋለች። ስክሪኑ ከተቀመጠበት ጠረጴዛ በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ጣት ይተርፋል፤ ስለዚህ ጫፎቹ ጋ ስትደርስ እንዳይነቃነቅ በሌላ እጇ ከኋላ ትደግፈዋለች። ፈረደ ሦስት ወንበር ገጣጥሞ ተጋድሟል። ከኪሱ የሽምብራ ቆሎ አንድ በአንድ እያወጣ ይቆረጥማል።

«ልትድሪው ነው እንዴ?» አላት። «ሰኞ አቧራው ተመልሶ ይመጣል እኮ።»

«ክፍሉን ሳላጸዳ አልዘጋም።»

«ቁልፍ ያዥ መሆን ከባድ ነው አቦ።»

ቁልፉ አንገቷ ላይ ባንጠለጠለችው ክር ታስሯል። ከትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ሁሉ የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ የተሰጣት እሷ ብቻ ናት፤ ይህንንም ለማንም አውርታ አታውቅም። መምህር ሲጠይቅ መልሱን እያወቀች እጇን ሳታወጣ ስትቀር፣ ቀስ ብላ ክሩን በጣቷ ትነካዋለች።

ሁለቱም የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎችና የአይሲቲ ክበብ አባላት ናቸው። ላለፉት ሁለት ሳምንታት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን የፈተና ምዝገባ ቅጽ ወደ ኮምፒውተር ሲያስገቡ ቆይተዋል። ርዕሰ መምህሩ አቶ ስጦታው ቅጾቹ ከቢሯቸው እንዳይወጡ ስለከለከሉ፣ የአይሲቲ መምህሩ መምህር ባንተአምላክ እያንዳንዱን ቅጽ በስልካቸው ፎቶ አንስተው አመጡ። የልጆቹ ሥራ ፎቶውን እያዩ ያለውን ሁሉ ኤክሴል ላይ መጻፍ ነበር።

በድሮው ጠባብ ስክሪን ሥራው አልሄድ ብሎ ነበር። ፎቶው ሲከፈት ኤክሴሉን ይሸፍነዋል፤ ኤክሴሉ ሲመጣ ፎቶው ይጠፋል። ስሙን በቃላቸው ይዘው ሲመለሱ የአያትየውን ይረሱታል። በሦስተኛው ቀን መምህር ባንተአምላክ የራሳቸውን ሰፊ ስክሪን ከቤታቸው ተሸክመው መጡ። የትናየት በዚያው ቀን የዊንዶውስን ቁልፍ ከግራ ቀስት ጋር ስትጫን ፎቶው የስክሪኑን ግራ ግማሽ፣ ከቀኝ ቀስት ጋር ስትጫን ደግሞ ኤክሴሉ ቀኙን ግማሽ እንደሚይዝ አወቀች። ሁለቱ መስኮቶች እንደ አንድ በር ሁለት መዝጊያዎች ጎን ለጎን ቆሙ። የእጅ ጽሑፉ እንዲነበብ ፎቶውን አጎላችው፤ ስሞቹ እንዳይጨናነቁ ዓምዶቹን አሰፋቻቸው። በቀን አሥር ቅጽ የነበረው ሠላሳ ሆነ።

«የመስኮት አደራደር ከየትናየት ተማሩ» አሉ መምህሩ በክበቡ ፊት። ያችን ዓረፍተ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ይዛት ዞረች።

ሐሙስ ዕለት ጨረሱ። አንድ ግልባጭ ታትሞ ለአቶ ስጦታው ተሰጠ። ፋይሉ ሊላክ ሲል ግን ከተማቸው ቢቸና ላይ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ዓርብም አልተመለሰም። ዛሬ፣ ቅዳሜ ንጋት ላይ፣ መምህር ባንተአምላክን ያሳደጓቸው አክስታቸው ሞጣ ላይ ማረፋቸው ተሰማና ወደዚያው ሄዱ። ከመሳፈራቸው በፊት ፋይሉን በፍላሽ ገልብጠው በሸሚዛቸው ኪስ ከተቱት። «ከቀብር በኋላ ከሞጣ እልከዋለሁ» አሏቸው። «ምዝገባው የሚዘጋው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። እንደርሳለን።»

አሁን ሰባት ሰዓት ከሩብ ነው። የትናየት ጨርቁን አስቀመጠችና ኮምፒውተሩን ከመዝጋቷ በፊት ዝርዝሩን አንዴ ሙሉውን ልታየው ፈለገች። ግማሽ ስክሪን ይዞ የኖረውን ኤክሴል ከላይ ያለችውን ትንሽ አራት ማዕዘን ተጭና ከዳር እስከ ዳር ዘረጋችው።

ስም። የአባት ስም። የአያት ስም። ጾታ። ዕድሜ። ዘርፍ። አድራሻ። የፎቶ ቁጥር።

ከፎቶ ቁጥር ቀጥሎ አንድ ዓምድ አለ። አይታው አታውቅም።

«ፈረደ።»

«አቤት።»

«ይሄ ዓምድ መቼ መጣ?»

ፈረደ ተነሥቶ ከኋላዋ ቆመ። የዓምዱ ራስ ላይ «ልዩ ድጋፍ» ይላል። ከሥሩ «የለም» ይላል። ከዚያም ሥር «የለም»። የትናየት የማውሱን ጎማ ወደ ታች አሽከረከረችው። የለም፣ የለም፣ የለም፤ እስከ ሁለት መቶ አሥራ አራተኛው ተማሪ ድረስ።

«ቲቸር ሞልቶት ነዋ» አለ ፈረደ ቀስ ብሎ። «ባዶ ቦታ ካለ ሲስተሙ አይቀበልም ብሎ የለ? የሚለወጠውን እናንተ ትለውጣላችሁ ብሎ...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

የትናየት አንዱን ፎቶ ከፈተችና ወደ ታች ሳበችው። እሷ የምታውቀው ቅጽ አድራሻ ላይ ያልቃል። ይኼኛው ግን አላለቀም። ከአድራሻው በታች አራት ትንንሽ ሳጥኖች ተደርድረዋል፦ የለም፤ አንባቢ፤ ተጨማሪ ጊዜ፤ በትልቅ ፊደል የታተመ ፈተና። ከእነሱ በታች የተማሪው ፊርማ አለ።

ፊርማ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ፊርማ የሌለው ቅጽ ስታነብ ኖራ አንድም ቀን አልገረማትም። በግራ በኩል ፎቶውን ስታጎላው ግርጌው ወደ ታች ወርዶ ተቆርጧል። በቀኝ በኩል ዓምዶቹን ስታሰፋ የመጨረሻው ወደ ዳር ወጥቶ ተደብቋል። አንዱ መስኮት የጎደለውን ሌላው ሊያሳብቅ ይችል ነበር፤ ሁለቱ ግን አንድ ነገር ደብቀው ተስማሙ።

የመጀመሪያው ቀን ትዝ አላት። ፈረደ ማውሱን ይዞ፣ «ከታች ሌላ ነገር ያለው መሰለኝ» ብሏት ነበር። እሷ ደግሞ፣ «አትነካካው፣ ቦታውን ታበላሽብኛለህ» ብላ ማውሱን ተቀበለችው።

ቀና ብላ አየችው። እሱም አስታውሶታል። ነግሬሽ ነበር አላላትም። መዳፉ ላይ የቀሩትን ሽምብራዎች በጣቱ ገፋ ገፋ አደረጋቸው።

የመቶ ስልሳ ሦስተኛውን ፎቶ ፈልጋ አወጣች። ስትቸኩል ሁለት ጊዜ አልፋው ሄደች። ሀኒያ ሙሐመድጣሂር ዩሱፍ። ግርጌው ላይ፣ አራተኛው ሳጥን ውስጥ፣ ምልክት ተደርጓል። እስክሪብቶው ተጭኖ ወረቀቱን ሊቀድደው ትንሽ እንደቀረው በፎቶው እንኳ ይታያል።

ሀኒያ ጎረቤቷ ናት። ከሞጣ መጥታ አክስቷ ቤት እየኖረች የምትማር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ ናት። ፊደል የምታየው ወረቀቱን አፍንጫዋ ላይ አስጠግታ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ የትናየት ደብተሯን ስታነብላት፣ እሷ ደግሞ የትናየትን ሒሳብ ስታስረዳት ኖረዋል። በሙከራው ፈተና ሀኒያ ግማሹን ጥያቄ ሳታነብ ሰዓቱ አልቆባታል። መልሱን ግን ታውቀው ነበር፤ ማታ የትናየት ስታነብላት ከወንበሩ ሳትነሣ መለሰችው።

ያንን ሳጥን እንድትሞላ የለመነቻት የትናየት ራሷ ናት። ሳጥኑን ከሀኒያ አፍ ሰማች እንጂ በዓይኗ አላየችውም ነበር፤ በቀን ሠላሳ ቅጽ ለማስገባት ስትሮጥም ረሳችው።

«ዓይነ ስውር ብለው ይመዘግቡኛል» ብላት ነበር ሀኒያ በአጥሩ በኩል ቆማ። «ወሬው ሞጣ ይደርሳል።»

«የምመዘግበው እኔ ነኝ» አለቻት የትናየት። «ከእኔ በቀር ማንም አያየውም።»

እውነት ነበር። ማንም አላየውም።

የመምህር ባንተአምላክን ስልክ ደወሉ። ዝግ ነው። ደግመው ደወሉ። ዝግ ነው።

«ለቅሶ ላይ ናቸዋ» አለ ፈረደ። ወደ እሷ ጠጋ አለና፣ «ስሚ እስኪ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማን ያውቃል? በኋላ ችግሩ ቢመጣ ሲስተም ነው ይባላል። ባንክ ሄደሽ ሲስተም የለም ሲሉሽ ለምን ብሎ የሚጠይቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ሀኒያ ተፈትና ስትወጣ ምን ልበላት?»

«ሲስተም ነው በያታ።»

«አንተ ትላታለህ?»

ፈረደ ሽምብራውን ወደ ኪሱ መለሰ። ወንበሩን ጎትቶ አጠገቧ ተቀመጠና፣ «ሁለት መቶ አሥራ አራት ፎቶ ነው» አለ። «አንድ በአንድ ከሆነ ይመሽብናል።»

የትናየት ስክሪኑን አየችው። ግራና ቀኝ ብቻ መሆን የለበትም። አንዱን ፎቶ በግራ ቀስት ላከችውና ወዲያው የላይ ቀስት ተጫነች፤ መስኮቱ ተሰብስቦ ከላይ በግራ ጥጉን ያዘ። ሁለተኛውን ከሥሩ፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን በቀኝ በኩል አስቀመጠች። አራት መስኮቶች፣ አራት ግርጌዎች፣ ሌላ ምንም። ፈረደ በጣቱ እያሳየ «የለም፣ የለም፣ የለም፣ የለም» ይላል፤ እሷ አራቱን ዘግታ ሌላ አራት ትከፍታለች። «የለም» ያላለ ሲገኝ ስሙንና የረድፉን ቁጥር ወረቀት ላይ ትጽፋለች።

ወልደ ኪዳን፣ ተጨማሪ ጊዜ፤ ቀኝ እጁን በመኪና አደጋ የተጎዳው ነው። ውበቴ፣ አንባቢ። የማታውቃቸው አራት ልጆች። ሀኒያ። ሲጨርሱ ሰባት ስሞች ነበሩ፤ ሰዓቱም ስምንት ከአርባ ሆነ።

የመምህሩ ስልክ አሁንም ዝግ ነው። አቶ ስጦታው ጉንደ ወይን ከተማ ሠርግ ሄደው ስለነበር ድምፃቸው ከዘፈን ጋር ተቀላቅሎ መጣ። «የምዝገባው የይለፍ ቃል ባንተአምላክ ጋ ነው፣ እሱን ጠይቁት» አሉና መስመሩ ተቋረጠ።

«ወደ ሞጣ ብንሳፈርስ?» አለች።

«ከሰዓት በኋላ መኪና የለም። ቢኖርም አንደርስም።»

«ሞጣ የምታውቀው ሰው የለህም?»

«የለኝም» አለ ፈረደ። የሁለቱም ልብ ውስጥ የመጣው ስም አንድ ነበር፤ መጀመሪያ መጥራት ግን ማንም አልፈለገም። የሀኒያ ቤተሰቦች ሞጣ ናቸው። ታላቅ ወንድሟ ሙጀሂድ እዚያ ሱቅ አለው።

የሀኒያ አክስት እትዬ ሳብሪያ ልብስ የሚሸጡት ከገበያው በታች ነው። ቅዳሜ ስለሆነ መንገዱ በጤፍ ጆንያና በፍየል ተዘግቷል። ባጃጅ እንኳ አያልፍም። የትናየት ወረቀቷን በጡጫዋ ይዛ በሰው መሐል ስትሽሎከለክ ፈረደ ከኋላዋ ደረሰባት።

«እንደዚህ አድርጊ» አላት እያለከለከ። «ቲቸር ዕቃ ረስቶ ነው በያትና የወንድሟን ቁጥር ተቀበያት። ከተስተካከለ ለምን ታዝናለች? ማወቅ የለባትም እኮ።»

የትናየት ሐሳቡ ደስ አላት። ደስ ስላላት ደግሞ ፈራች።

እትዬ ሳብሪያ አንድ ገበሬ ጋቢ እያሳዩ ነበር። «ምነው የኔ ልጅ፣ ፊትሽ ዐመድ መስሏል?» አሏት። «ሀኒያ ጓሮ ናት። እስኪ አንቺ ንገሪያት፣ ዓይኗን ልትጨርሰው ነው። እኔን አትሰማኝም።»

ሀኒያ ብርሃን ፍለጋ ፀሐይ መሐል ተቀምጣለች። የፊዚክስ መጽሐፉ ፊቷን ከግንባር እስከ አገጭ ሸፍኖታል።

«በአረማመድሽ አወቅሁሽ» አለች ከመጽሐፉ ኋላ። «ምን ያስሮጥሻል?»

«የሙጀሂድን ስልክ ፈልጌ ነበር።»

«የሙጀሂድን? አንቺ? ለምን?»

ቃሉ ተዘጋጅቶ አፏ ላይ ነው። ቲቸር ዕቃ ረስቶ ነው። ሀኒያ መጽሐፉን ዝቅ አድርጋ ወደ እሷ ዞረች። እንደ ሁልጊዜው ዓይኗ የትናየት ፊት ላይ ሳይሆን ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ጆሮዋ አካባቢ ላይ አረፈ። የትናየት ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባት፤ ብትዋሻት ሀኒያ ፊቷን ማንበብ አትችልም። ከሰው ሁሉ ለመዋሸት የምትቀለው እሷ ናት።

«ሳጥኑን አልመዘገብኩትም» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «ያደረግሽውን ምልክት። መስኮቶቹን ሳደራድር ተሸፍኖ አላየሁትም። ቲቸር ባንተአምላክ ፍላሹን ይዘው ለአክስታቸው ለቅሶ ሞጣ ሄደዋል፤ ስምሽ ላይ 'የለም' ይላል። የቲቸር ስልክ ዝግ ነው። የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ነው።»

ሀኒያ ገጹ እንዳይጠፋባት ጣቷን አስገብታ መጽሐፉን ዘጋችው።

«ምልክት አድርጌ ነበር።»

«አድርገሻል።»

«አይሆንም ስልሽ አድርጊ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

«ሌላ ሰው ቢመዘግበኝ ባለፈው ሰኞ ሄጄ አረጋግጥ ነበር። አንቺ ስለሆንሽ ነው ዝም ያልኩት።» ይህን ስትል አልጮኸችም። ብትጮህ ይቀል ነበር። «ስንት ሰዓት ነው?»

«ዘጠኝ ከሃያ» አለ ፈረደ ከበሩ።

ሀኒያ ስልኳን ዓይኗ ሥር አስጠግታ ደወለች። «ሙጄ፣ ሱቅህን ዝጋ» አለች።

የሙጀሂድ ሳቅ ከስልኩ ውጭ ተሰማ። «በገበያ ቀን ሱቅህን ዝጋ የምትል እህት ማን ሰጠኝ? ምነው፣ ልታገቢ ነው?»

«አልቀለድኩም። ያክስታቸው ለቅሶ ላይ ያሉ ባንተአምላክ የሚባሉ መምህር አሉ። ሟች ማን ነበሩ?» ብላ ወደ የትናየት ዞረች።

«ወይዘሮ ይርጋነሽ።»

«እማማ ይርጋነሽ?» አለ ሙጀሂድ፤ ሳቁ ጠፋ። «ድንኳኑ እኮ ከእኛ በላይ ነው። እማዬ ከጠዋት ጀምራ እዚያው ናት። ቆይ፣ ወጣሁ።»

ሦስቱም ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ተመለሱ። ሌላ ቀን የገበያውን ድንጋያማ ዳገት ሲወጡ ሀኒያ ሳትጠየቅ የየትናየትን ክንድ ትይዝ ነበር። ዛሬ አልያዘችውም። አንዴ ሲያደናቅፋት የትናየት እጇን ዘረጋች፤ ሀኒያ ግን የፈረደን ትከሻ ያዘች።

አሥር ሰዓት ሲሆን ሙጀሂድ ደወለ። ለቀስተኛው ገና ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰም። አሥር ከሩብ ላይ ምንም የለም። የትናየት ኤክሴሉን ከፍታ የመጨረሻው ዓምድ ላይ አፍጥጣ ተቀምጣለች። የለም የሚለው ቃል ብዙ ከማየቷ የተነሣ ትርጉሙ ጠፍቶባታል። ብትችል በመስታወቱ ውስጥ እጇን ሰዳ ሞጣ ያለውን ፋይል በጣቷ ባረመችው ነበር። ፈረደ ስልኩ ላይ ያለውን ሰዓት አምስት ጊዜ አየ። ሀኒያ አንድ ጊዜም አልጠየቀችም።

አሥር ከሠላሳ አንድ ላይ ስልኩ ጮኸ።

«የትናየት፣ ምን ሆነሽ ነው?» የመምህር ባንተአምላክ ድምፅ ሰልሏል።

«ቲቸር፣ ነፍሳቸውን ይማር። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ፋይሉን ልከውታል?»

«ኮምፒውተር ቤቱ በር ላይ ነኝ። ይሄ ልጅ ነው የያዘኝ፤ አሁን ልገባ ነበር።»

ነገረቻቸው። ለሀኒያ እንደነገረቻት ነገረቻቸው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አልቀለላትም። መምህሩ በሩን አልፈው ገቡ። ከዚያ ወንበር ሲሳብ ተሰማ።

«ከፈትኩት» አሉ። «ስክሪኑ ጠባብ ነው፤ ስሙን ሳየው ዓምዱ ይጠፋል፣ ዓምዱን ሳየው ስሙ ይጠፋል። ዛሬ ደግሞ ዓይኔ እንባ ብቻ ነው፤ ፊደል አይለይልኝም። አንቺ ምሪኝ።»

የትናየት ዓይኗን ጨፈነች። የማታየውን ጠባብ ስክሪን በልቧ ሣለችው። «ከጾታ እስከ ፎቶ ቁጥር ያሉትን ዓምዶች አንድ ላይ ይምረጧቸውና ይደብቋቸው» አለች። ራሷም እጇን ወደ ማውሱ ሰዳ እንደዚያው አደረገች። «አሁን ስሙና የመጨረሻው ዓምድ ተጠጋግተዋል?»

«ተጠጋግተዋል።»

«ረድፍ ሃያ ሁለት። ወልደ ኪዳን። ተጨማሪ ጊዜ ይበሉት።»

«ተጨማሪ... ጊዜ። እሺ።»

«ረድፍ ሃምሳ ዘጠኝ። ውበቴ። አንባቢ።»

እንዲህ እያሉ ስድስቱን ጨረሱ። ወረቀቱ በላቧ ረጥቦ ሰባተኛው መስመር ተበላሽቷል፤ ግን ወረቀት አያስፈልጋትም ነበር። «ረድፍ መቶ ስልሳ አራት» ብላ ቆመች።

ሀኒያ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። «ሀኒያ ሙሐመድጣሂር ዩሱፍ» አለች በራሷ ድምፅ። «በትልቅ ፊደል የታተመ ፈተና።»

የኪቦርድ ድምፅ ከሞጣ ተሰማ። በአንድ ጣት የሚጻፍ፣ ቀርፋፋ ድምፅ ነበር።

«ቲቸር፣ ከመላክዎ በፊት የደበቋቸውን ዓምዶች ይመልሷቸው» አለች የትናየት። «እስከ መጨረሻው ድረስ ወደ ቀኝ ይሂዱ። ሌላ ነገር አለ?»

«የለም። አለቀ።»

«ወደ ታችም ይውረዱ።»

ወረዱ። ከዚያ መላኩ ጀመረ። አሥር ከሃምሳ ሁለት ላይ ግማሹ ሄዷል አሉ። አሥር ከሃምሳ አምስት ላይ ቆመ፤ ሙጀሂድ በአረብኛ አንድ ነገር ሲያነበንብ ይሰማል። አሥር ከሃምሳ ሰባት ላይ መምህር ባንተአምላክ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«ሄደ። ተቀብለናል ይላል።»

ፈረደ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላው ተዘረጋና ጣሪያውን አየ።

«አንድ ነገር ቀርቷል» አሉ መምህሩ። «አቶ ስጦታው ጋ ያለው ግልባጭ ከተላከው ጋር አይገጥምም። ማስታወሻ ጽፈሽ በቢሯቸው በር ሥር አስገቢላቸው። በሲስተም ችግር ምክንያት ሰባት ስሞች ታርመዋል በይ፣ ይበቃል። አትጨነቂ፤ እኔም ማየት ነበረብኝ።» ወደ ለቅሷቸው ተመለሱ።

«ልየው» አለች ሀኒያ።

የትናየት በራሷ ፋይል ላይም ሰባቱን አረመችና የፎቶዎቹን መስኮት ሁሉ ዘጋች። ኤክሴሉን ብቻ ከዳር እስከ ዳር ዘርግታ፣ ረድፍ መቶ ስልሳ አራት ስክሪኑን ብቻውን እስኪሞላው ድረስ አጎላችው። እያንዳንዱ ፊደል የጡብ ያህል ሆነ። ሀኒያ ለማንበብ ልትጠጋ ብላ ቆመች። መጠጋት አላስፈለጋትም። ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደግፋ፣ እንደ ማንኛውም ሰው፣ ከስሟ ጀምራ እስከ መጨረሻው ዓምድ ድረስ በዝግታ አነበበችው።

«ፈተናውም ይህን ያህል ከሆነ አንድ ጥያቄ በአንድ ገጽ ነው» አለች። ፈረደ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ተነሥታ ሻሿን አስተካከለች። «አክስቴ ትጠብቀኛለች።»

በሩ ላይ ደርሳ ቆመች። «ሰኞ ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ቆሜ አልጠብቅሽም» አለች ፊቷን ሳትመልስ። «በደጃችን ካለፍሽ ግን ጥሪኝ።» ፈረደ ሊያደርሳት ተከትሏት ወጣ።

የትናየት ብቻዋን ቀረች። ከደብተሯ አንድ ገጽ ቀደደችና ቀኑን ጻፈች። ቀጥላ «በሲስተም ችግር ምክንያት» ብላ ጻፈች። ሦስቱን ቃላት ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ጥሩ የእጅ ጽሑፍ ነበር። ገጹን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችውና ሌላ ቀደደች።

«ሰባት ስሞች ታርመዋል፤ ዝርዝሩ ከዚህ በታች አለ። ስህተቱ የእኔ ነው። መስኮቶቹን ጎን ለጎን ሳቆም የቅጹን ግርጌና የመጨረሻውን ዓምድ ሸፍኜ ነበር። ፈረደ ከታች ሌላ ነገር እንዳለ ነግሮኝ አልሰማሁትም። የትናየት፣ አሥረኛ ክፍል» ብላ ጻፈች። ከዚያ ሰባቱን ስሞች ከነረድፋቸው ገለበጠች።

ኮምፒውተሩን ዘጋች። ስክሪኑን በሽፋኑ አለበሰችው፤ ሽፋኑ ለድሮው ስክሪን የተሰፋ ስለሆነ በሁለቱም በኩል ጫፎቹ ይታያሉ። ክፍሉን ቆለፈች። ቁልፉን ከአንገቷ ክር ፈትታ ማስታወሻው ውስጥ አስቀመጠችና ወረቀቱን አራት ጊዜ አጠፈችው።

የአቶ ስጦታው ቢሮ በርና ወለሉ መካከል ጣት የማያስገባ ክፍተት ብቻ ነው ያለው። ወረቀቱ ቁልፉ ባበጠበት በኩል ተያዘ። የትናየት ተንበርክካ ማስመሪያዋን አወጣችና ቀስ አድርጋ ገፋችው። ቁልፉ ከውስጥ ሲሚንቶውን ሲፍቀው ሰማች። ከወረቀቱ ከውጭ የሚታይ እስኪጠፋ ድረስ ገፋችና ማስመሪያውን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ከተተችው።